በኾበር የሰበሰብኩት እሺታ

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ሻንጣዬ የተመራማሪ ሳይሆን የበርበሬ ነጋዴ ሻንጣ ይመስል ነበር። ወደ ዓረብ አገሯ ከተማ ወደ ኾበር መሄዴን ለሥራ ባልደረባዬ ለሙና ነገርኳት፤ ሙና እዚያ ለምትኖረው እህቷ ለዘሀራ ነገረች፤ ዘሀራ ለጓደኞቿ፣ ጓደኞቿ ደግሞ አገር ቤት ላሉት እናቶቻቸው ደወሉ። ከዚያ ወዲያ በሬ ሲንኳኳ ሰነበተ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከሩቅ የመጣች አንዲት እናት ደግሞ በጨርቅ የቋጠረችው ጤና አዳም። ለሁሉም «እሺ፣ ችግር የለም» አልኩ። በጤና ምርምር ላይ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ እምቢ ማለትን ግን እስካሁን አልተማርኩም።

የምሄድበት ጉዳይ ሙቀት ነው። ዶክተር ሁዳ ከምትባል የኾበር ሐኪምና ተመራማሪ ጋር በኮምፒውተር መስኮት ስንነጋገር ወራት አልፈዋል። በዚያ አገር በጋው ሲበረታ በቀትር ፀሐይ ሰውን ደጅ ማሠራት በመንግሥት ደንብ የተከለከለ ነው። ደጅ የሚሠራውን ሰው ሙቀት ያጠኑት ብዙ ናቸው። በር ዘግታ ምድጃ ፊት የምትቆመውን ሴት ግን ሁዳ እንደምትለው የሚጠይቃት የለም። «ያልተለካ ነገር ደንብ አይወጣለትም» ትላለች። የታሰበው መለኪያ እጅ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሰዓት ነው፤ የልብ ምትን፣ የቆዳን ሙቀትና እንቅልፍን ይመዘግባል። የኔ ድርሻ አማርኛ ተናጋሪ ሴቶችን አስረድቼ የሚፈቅዱትን ማሰባሰብ ነው። ፈቃደኛ ከጠፋ የማዕድ ቤቱ ነገር ከጥናቱ ዕቅድ ይወጣል ተብሏል።

አውሮፕላኑ ለሥራ በሚሄዱ ወጣት ሴቶች የተሞላ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ቀበቶዋን ሳስርላት ቆየት ብላ አየችኝና «እትዬ፣ እርስዎስ ለየትኛው ቤት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። ለስብሰባ ነው አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ክንዴን ዳበስ አድርጋ «አይዞዎት፣ ይለመዳል ይላሉ» ብላ አጽናናችኝ። እኔም ተጽናናሁ።

ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን እንድከፍት አዘዘኝ። አንዱ የበርበሬ ላስቲክ መንገድ ላይ ፈንድቶ ኖሮ ሽታው ቀድሞን ወጣ። ሰውየው አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመው፣ ሦስተኛው ሲመጣበት «ኸላስ! ኸላስ!»፣ በቃ በቃ እያለ በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። በሩን አልፌ ደጅ ስወጣ መነጽሬ ጉም ለበሰ። እኛ አገር መስከረም ሜዳው አረንጓዴ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ መስከረም እንደ ፈላ ድስት ክዳን ፊት ላይ ይተነፍሳል። ምንም ሳይታየኝ ቆሜ ስሜን አቆላምጦ «ወይንዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘሀራ ነበረች፤ ባሏ ሰይድ ከኋላዋ ጋሪ እየገፋ ይመጣል።

ሆቴል ተይዞልኛል ብላቸው ሁለቱም ሳቁ። «እህትሽ እያለች ሆቴል?» አለች ዘሀራ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ቤታቸው ቱቅባ ነው፤ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኛ ተጋግዞ የሚከራይበት ሰፈር፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ሰው። ዘሀራ የወሎ ልጅ ስትሆን ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ሰይድ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ ይጠግናል። በዚያ ሙቀት ኤሲ ጠጋኝ ከሐኪም በላይ ይከበራል፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ የቀዝቃዛውን ውኃ ቧንቧ ብከፍት እጄን አቃጠለኝ። ይቀዘቅዝ ይሆናል ብዬ ብጠብቅ ጭራሽ ባሰበት። ዘሀራ ሳቋን እየታገለች ገባች። «የጣሪያው ታንከር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። በበጋ ማሞቂያውን እናጠፋና በሙቁ በኩል እንታጠባለን። ቀዝቃዛው እሱ ነው።» ይህን ያህል ትምህርት ተምሬ ውኃ መክፈት ያቃተኝ እዚያ ነው።

ዶክተር ሁዳን ቢሮዋ ሄጄ አገኘኋት። በመስኮቱ የማውቃት ኮስታራ ሴት በአካል ስትታይ ሳቂታና ችኩል ናት፤ ሻዩን ራሷ ቀዳችልኝ፣ ተምሩን ራሷ ወደኔ ገፋችው። ሰዓቶቹን በካርቶን አስረከበችኝና በእንግሊዝኛ አስጠነቀቀችኝ። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስጦታ እንዳትሰጫቸው። ስጦታ የተቀበለ ሰው በነፃነት አይፈቅድም።»

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ባለው የሥነ ምግባር ኮሚቴያችን ውስጥ ራሴም ተቀምጬ ሌላውን ያፋጠጥኩበት ነው። ቢሆንም ሻንጣዬ ትዝ አለኝ።

«በርበሬ ስጦታ ነው?» አልኳት።

«የምን በርበሬ?»

ስለ ሻንጣዬ ነገርኳት። ሁዳ እስኪደክማት ሳቀች። «እናቶቻቸው የላኩት ከሆነ ስጦታው የእናቶቻቸው ነው። አንቺ ፖስተኛ ነሽ።» እኔም ፖስተኛነቴን ተቀብዬ ቀለል ብሎኝ ወጣሁ። ሁለት ምሁራን ተቀምጠን የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር።

ማታ ዘሀራ የጠበሰችው ሃሙር የሚባለውን የባሕር ዓሣ ነው። እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ የሥጋው ነገር እንዳያስቸግረኝ ብላ ገና ሳልመጣ ያሰበችበት ነው። ዓሣ ማንንም አያጣላም። ሰይድ የሚበልጠውን ቁራጭ ወደኔ ሲገፋ፣ እኔ ወደሱ ስመልስ፣ ትሪው መሐል ላይ ሲመላለስ ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ዓርብ የብዙዎቹ የእረፍት ቀን ነው። ዘሀራ ከማለዳው ጀምራ ሽሮና ምስር ስትሠራ አገኘኋትና ለምን ደከምሽ አልኳት። «ዛሬ ዓርብ መሆኑን የረሳሁ መስሎሽ? እናንተ ጾም ላይ ናችሁ» አለችኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሴቶቹ እየተከታተሉ መጡ። ከደማም የመጡ አሉ፣ ከሰይሃት፣ ከዚያው ከኾበር። ጥቅሎቹን በየስማቸው አደልኩ። ከዚያ የሆነውን እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ሁሉም ላስቲኩን ከፍተው አሸተቱ። ትዕግስት የምትባል ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት በሶዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አል ዐዚዚያ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጤና አዳሟን የቋጠሩት እናት የሷ እናት ናቸው።

ምሳ በላን። ከዚያ ተነሥቼ ስለ ጥናቱ አስረዳሁ፤ ራሴን ላመስግንና ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። ሰዓቱ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ፣ ስም እንደማይጻፍ፣ ያልፈለገች አለመግባት እንደምትችል፣ የገባችም በፈለገችበት ቀን መተው እንደምትችል ሁሉንም ተናገርኩ።

«ጥያቄ ያላት?»

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዷ እጇን አወጣች። «እናቴ ከስታለች ወይስ ደኅና ናት?»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ፤ ሁሉም ስለ እናቶቻቸው ነበር። ስለ ሰዓቱ የጠየቀ የለም። አንድ በአንድ «ፈቅደሻል?» አልኳቸው፤ አንድ በአንድ «እሺ፣ እትዬ» አሉኝ። ትዕግስት መጨረሻ ላይ ተቀበለችኝ፤ ሰዓቱን ሳታስር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለሁዳ ደወልኩላት። «ሁሉም ተስማሙ!»

«ሁሉም?» አለች። «አንድም እምቢ ያለች የለችም?»

«አንድም!» አልኳት፤ ያደነቀችኝ መስሎኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሰይድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰደኝ። ሰው ከሙቀቱ ቀድሞ ሊራመድ ወጥቷል፤ ውኃው ዝርግ፣ ነጭ ነው። ባሕር የሌለው አገር ሰው ባሕር ሲያይ ምን እንደሚል አያውቅም፤ እኔም «ሰፊ ነው» ብቻ አልኩ። ሰይድ በትሕትና ተስማማ።

ስንመለስ ዘሀራ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ግን አይንቀሳቀስም። ሰይድ ፊቷን አይቶ ዳቦ ሊገዛ ወረደ።

«ወይንዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ትዕግስት ደውላ ነበር። ሰዓቱን አልፈለገችውም። ‹እትዬ ይቀየሙኝ ይሆን? አንቺ አማልጂኝ› ብላ ለመነችኝ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረችኝም? መብትሽ ነው ብያት የለ!»

ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት ብላ? የእናቷን በሶ ከዚያ ድረስ ተሸክመሽላት መጥተሽ፣ ዓይን ዓይንሽን እያየች ማፊ፣ አልፈልግም ትበልሽ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ሌሎቹስ?»

«ወላሂ እኔ እንጃ። ደስ ብሏቸው የገቡም አሉ። ግን ያኔ ማን እምቢ ይልሻል? ደግሞ እንግዳ ነሽ፤ ደግሞ ምሁር ነሽ፤ ደግሞ እናቶቻቸውን በዓይንሽ አይተሽ መጥተሻል።»

እጇ ላይ ዓይኔ አረፈ። እሷም ትናንት እሺ ካሉት አንዷ ነበረች። «ያንቺስ ሰዓት የት አለ?»

ዘሀራ ከት ብላ ሳቀች። «መሳቢያ ውስጥ። ስሰፋ ክር ይይዝብኛል።»

እኔ አልሳቅኩም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ያለኝ የመሰለኝ ፈቃደኛ ሁሉ ይሉኝታ ነበር። ፖስተኛ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ እኛ ዘንድ ፖስተኛም ባለውለታ ነው። ፈረንጅ ተመራማሪ ቢመጣባቸው ቢያንስ ጥቂቶቹ እምቢ ይሉት ነበር። እኔ በቋንቋቸው ስለመጣሁ፣ እጄም ባዶ ስላልነበረ አፋቸውን ዘጋሁት። አፈርኩ። በነሱ ሳይሆን በራሴ ተናደድኩ።

የትዕግስትን ምክንያት ዘሀራ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ንገሪልኝ ተብላ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይዘላል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሰዓቱ ይህን ካወቀ ሐኪም ያውቃል፣ ሐኪም ካወቀ አሠሪዬ ካፊሌ ይሰማል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማው ሲታደስ ችግርና ሙሽኪላ ይመጣል፣ የመውጫ ቪዛ ኹሩጅ መትተው ይመልሱኛል ብላ ፈራች። ልጇ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እሱ እስኪጨርስ መቆየት አለባት።

«ታክማ ታውቃለች?» አልኩ።

«የት ሄዳ? ለማን ነግራ?»

እሑድ

የዚያ አገር ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ የጥናቱ ዕቅድ የሚታይበት ስብሰባም የዚያኑ ቀን ነበር። ከመግባታችን በፊት ሁዳን መኪናዋ ውስጥ ይዤ፣ የማንንም ስምና ሕመም ሳላነሣ፣ እሺታው ከየት እንደመጣ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መሪውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«አያቴም እንዲህ ነበሩ» አለች። «ሐኪም ፊት ‹ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ› ይላሉ፤ ደጅ ሲወጡ ያቃስታሉ። ሐኪሙን ላለማስከፋት ነው። እንዴት ይህን ረሳሁት?»

ስብሰባው ትልቅ አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ከሙያ ደኅንነት በኩል የመጡ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሹም፣ እና ብዙ ተምር። ተራዬ ሲደርስ ሹሙ «ፈቃደኞች አገኛችሁ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ አዎ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ማዕድ ቤቶቹም ዕቅዱ ውስጥ ይገቡ ነበር። የሆነውን ተናገርኩ፤ ሴቶቹን እንግዳ ሆኜ እንደጠየቅኳቸው፣ በኛ ባህል እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ፣ ስለዚህ ያገኘሁትን እሺታ ራሴ እንደማልቆጥረው።

«እንግዲያው እንዴት ሊጠየቁ ነው?» አሉ ሹሙ።

ሁዳ ቀደመችኝ። ሰዓቶቹ ተመልሰው ካርቶናቸው ውስጥ ይግቡ፤ ካርቶኑ የጎረቤት ሰው ቤት ይቀመጥ፤ እንግዳዋ አገሯ ትግባ። የፈለገች በራሷ ጊዜ መጥታ ታነሣለች። ያልፈለገች ምንም አታደርግም፣ ለማንም ምንም አትልም። ሹሙ ሻያቸውን ፉት አሉና «ዋናውን ዕቅድ ለማጽደቅ ጊዜ አለን። የማዕድ ቤቱ ክፍል እስከዚያ ይቆያል» አሉ። ስንወጣ ሁዳ ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ፤ የማዕድ ቤቱን ነገር ይዘጉታል ብላ ፈርታ እንደነበር የዚያን ጊዜ ነው የነገረችኝ።

ማክሰኞ

ሰይድ ሰይሃት ኤሲ ሊጠግን ሲሄድ ተከተልኩት። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ርጥብ ተምር በትሪ አቀረቡልኝ። አንድ በላሁ፣ ሁለተኛ ሰጡኝ፣ ሦስተኛውን በእጃቸው አጎረሱኝ። ጉርሻ የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጠግቤያለሁ ለማለት ሆዴን ባሳያቸው አመመኝ ያልኩ መስሏቸው የዝንጅብል ሻይ አመጡልኝ። እምቢ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም፤ ጠጣሁት።

ዓርብ፣ ዳግመኛ

ሴቶቹ ሊሰናበቱኝ መጡ። ዘሀራ ባዶውን ካርቶን ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጣለች። እኔ ምንም እንዳልናገር ስለታዘዝኩ ዝም ብያለሁ፤ የነገረቻቸው እሷ ናት። «ሰዓታችሁን እዚህ መልሱ፣ ሁላችሁም። ወይንሸት ነገ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የፈለገች መጥታ ትወስዳለች። ያልፈለገች ኸላስ፣ ማንም ምንም አይላትም።»

እየሣቁ መለሱ። ሁለቱ «እኛስ ነገውኑ ነው የምንወስደው!» አሉ፤ አንዷ እንቅልፏን ለካላት ወድዳው ኖሯል። ሌሎቹ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሁዳም ልትሰናበተኝ መጥታ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር።

ትዕግስት የሷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ካርቶኑ ውስጥ ግን አልጨመረችውም። ወደኔ መጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«እትዬ ወይንሸት፣ እኔ አልፈልግም» አለችኝ። «ነገም አልወስድም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ደስ አለኝ፤ ማልቀስም አማረኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። እሷ ግን አልሄደችም። መሬት መሬት እያየች ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐኪሟ ግን… ለጥናት ሳይሆን፣ እንዲያው ለራሴ… ልቤን ቢያዩልኝ?»

ለሁዳ ተረጎምኩላት። ሁዳ ወዲያው ተነሥታ ቦርሳዋን አነሣች። «ዛሬ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝ። የምትነግረኝ ከኔ አይወጣም። ልመረምራት ትፈቅድልኛለች ወይ? ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። ያቺ የለመደችው እሺ ከንፈሯ ላይ ደርሳ አየኋት። ትዕግስት መልሳ ዋጠቻትና አሰበች፤ ሁላችንም እንጠብቃለን።

«በሩ ይዘጋ» አለች። «ዘሀራ ትግባ፣ ዓረብኛውን እሷ ታውቀዋለች። ለካፊሌ፣ ለማዳም የሚነገር ነገር የለም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር እዚህ ይሁኑልኝ። እንዲህ ከሆነ እሺ።»

ሦስቱ ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡና በሩ ተዘጋ። ሌሎቹ እንዳይከፋኝ ፈርተው በጎን አዩኝ። እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የመጣሁበትን እሺታ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለኔ አለመሆኑን ወደድኩት።

ቅዳሜ አገሬ ገባሁ። ይህን ጽሑፍ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ለትዕግስት በስልክ አነበብኩላት። ስሟን እንድቀይር ነገረችኝ፤ ቀይሬዋለሁ። ስለ ልጇ የጻፍኩት ይሁን አለች። ስለ ማልቀሷም ሣቀችና ይሁን አለች። ከዚህ በላይ ባለው አንቀጽና በዚህኛው መካከል ሐኪሟ ምን እንዳገኘች የሚናገር ጽሑፍ ነበር። እሱን ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«እሱስ አይሆንም፣ እትዬ» አለችኝ። «ደኅና መሆኔን ብቻ ይጻፉ።»

ደኅና ናት።